አራት ነጥብ ሰባት ግራም

የፊዚክስ መምህርቷ የላቦራቶሪውን መስኮቶች አንድ በአንድ እየዘጋች ነበር። ሚዛኑ ንፋስ አይወድም። በሩ ገርበብ ካለ እንኳ የመጨረሻዋ ቁጥር ማረፊያ እንዳጣች ዝንብ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ስለዚህ ከመመዘን በፊት አራቱን መስኮቶች መዝጋት፣ በሩን መቀርቀር፣ የጣሪያውን ማራገቢያ ማጥፋት፣ ከዚያም ሚዛኑ እስኪረጋ ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ መቆም ያስፈልጋል። የሦስተኛው መስኮት መያዣ የላላ ስለሆነ እንደ ሁልጊዜው የታጠፈ ወረቀት ሸጎጠችበት።

እውነቱን ለመናገር ዛሬ መመዘን አያስፈልጋትም ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከተማሪዋ ጋር ሆነው ሦስት ጊዜ መዝነዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የመጣው ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ግራም ነው። የውድድሩ ደንብ የሚፈቅደው እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ከዚያ ያለፈ ሳጥን ሳይከፈት ለላኪው ይመለሳል። ይህን ደንቡ በሠላሳ አንድ ገጽ ውስጥ አምስት ጊዜ ይናገራል፣ አንባቢው ጆሮ የሌለው ይመስል። የመልእክት መኪናው የሚመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል። ለልቧ ማረፊያ አንዴ ልየው ብላ ነው እንጂ ሳጥኑን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ማሸግ ብቻ ነበር የቀራት።

ሳጥኑ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጎኑ ሁሉ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። ውስጡ አንዲት ትንሽ የመስተዋት ቱቦ፣ ጥፍር የምታህል መብራትና ዓይኗን ቱቦው ላይ የተከለች ካሜራ አሉ። ቱቦው ውስጥ ያለው የጠመኔ ብናኝ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተጠረገ፣ ተራ ብናኝ። ሮኬቱ ሳጥኑን ይዞ ወደ ጠፈር ጫፍ ሲወጣ፣ ለስድስት ደቂቃ ያህል ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ክብደቱን ያጣል። ያኔ ብናኙ እርስ በርሱ ይያያዝ ወይስ ይበተን እንደሆነ ካሜራዋ ታያለች።

ጥያቄው የመምህርቷ አልነበረም። ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ሰሌዳ የመጥረግ ዕጣ ሁልጊዜ እሷ ላይ የሚወድቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ዳስተሩን እንደያዘች ዞር ብላ፣ ወደ ታች የሚባል ነገር ባይኖር ይሄ ብናኝ የት ይሄድ ነበር ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን አታውቀውም ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም ጠመኔ ሆኖ ቀረ፤ መጀመሪያ ለማሾፍ፣ በኋላ በልማድ፣ አሁን አሁን ደግሞ እሷ ራሷ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች።

እዚህ ለመድረስ አሳራቸውን አይተዋል። በመጀመሪያው ዓመት ማመልከቻውን በኢንተርኔት ሞልተው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቅጹ አገራችሁን ምረጡ አላቸው፤ ከተደረደሩት አገሮች መካከል የእነሱ አልነበረችም። መምህርቷ ለአዘጋጆቹ ጻፈች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣላት። በሁለተኛው ዓመት አገራቸው ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ደግሞ ርእሰ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤው መሥመሩን ጠብቆ መሄድ አለበት ብለው ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት ላኩት፤ ማህተም አርፎበት ሲመለስ ውድድሩ ካለቀ ወር አልፎት ነበር።

ዘንድሮ ከሦስት መቶ ትምህርት ቤቶች አሥራ ሁለቱ ተመረጡ፤ እነሱም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኑ። ሳጥኑ በጊዜው ደርሶ ፍተሻውን ካለፈ ይበራል። ሳጥኗ የበረላት ተማሪ ለስድስት ሳምንት የምርምር ማዕከሉ ውስጥ ልምምድ ትገባለች። ጠመኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ውድድሩ ደግሞ ለትምህርት ቤት ተማሪዎች ብቻ ነው። ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት፤ ለከርሞ የሚባል ነገር የላትም።

መምህርቷ የብረቱን ካቢኔት ከፈተች። ሳጥኑ ትናንት ባስቀመጠችበት ነጭ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብሏል። ስታነሣው አውራ ጣቷን የሚያጣብቅ ነገር ያዝ አደረገው። አገላብጣ አየችው።

ጎኑ ላይ በነጭ የዘይት ቀለም፣ የማተሚያ ቤት ሥራ በሚመስል ቀጥ ያለ ጽሑፍ «ጠ/1/1» ተብሎ ተጽፎበታል። በሌላው ጎን ደግሞ የሁለት ጣት ስፋት ያላት የቆርቆሮ መለያ ተለጥፋለች፤ እሷም ላይ ያው ቁጥር በምስማር ጫፍ ነጥብ በነጥብ ተመትቷል። ማጣበቂያው ሲጫኑት በክዳኑ መጋጠሚያ በኩል ወጥቶ ደርቋል። ቀለሙም በሁለቱ ብሎኖች ራስ ላይ ፈስሷል።

ማን እንደጻፈው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያን የእጅ ጽሑፍ ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች።

ሳጥኑን ሚዛኑ ላይ አኑራ ትንፋሿን ያዘች። ቁጥሮቹ ሮጥ ሮጥ ብለው ረጉ። ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ነጥብ ሦስት። አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ነጥብ ሦስት። ከትናንቱ በአራት ነጥብ ሰባት ግራም ይበልጣል።

«አባባ» አለች ለባዶው ክፍል፣ ቀስ ብላ፤ «ምነው አባባ።»

አባቷ የትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ ውስጥ ያልተቆጠረ ወንበር፣ ቁጥር ያልተጻፈበት ባልዲ አልነበረም። ተማሪዎቹ አባ ቁጥሩ ይሏቸዋል። የባዮሎጂ ክፍሉ አጽም ሦስተኛው የጎድን አጥንቱ ላይ ቁጥር አለው። ሉሉ በሰማያዊው ውቅያኖስ መሀል ቁጥር ስላለው በየዓመቱ የሚገቡ አዳዲስ ልጆች ደሴት ይመስላቸዋል። ቤትም ቢሆን ያው ናቸው። መሰላሉ፣ ሬዲዮው፣ እሷ በልጅነቷ ፊደል የቆጠረችባት በርጩማ ሳትቀር ቁጥር አላቸው። እናቷ ለጎረቤት ስታወራ፣ ሰውዬው ተኝቼ ሳለሁ ተረከዜ ላይ እንዳይጽፍብኝ ብዬ ካልሲ ሳላደርግ አልተኛም ትላለች።

ዕቃ ቤቱ ከላቦራቶሪው ሥር፣ ምድር ቤት ነው። በሩ ከወገብ በታች ብረት፣ ከወገብ በላይ ፍርግርግ ሆኖ ክንድ የምታሳልፍ አንዲት መስኮት አለችው። አባቷ ከመስኮቷ ጀርባ ሰማያዊ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ብሩሽ በጨርቅ እየጠረጉ ነበር።

«እንደምን ዋሉ መምህርት» አሏት።

እዚህ መሥራት በጀመረችበት ቀን ጠርተው ነግረዋታል፤ ከበሩ ወዲህ ልጅ የለኝም፣ ከበሩ ወዲያ መምህርት አላውቅም ብለዋታል። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ጠዋት አንቺ ብለው ቁርስ ያቀረቡላትን ልጅ ሁለት ሰዓት ላይ እርስዎ ይሏታል።

ሳጥኑን በመስኮቷ አሳየቻቸው። «አባባ፣ ይሄን ምን አደረጉት?»

«በሥራ ሰዓት አባባ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ቁጥር ሰጠሁት። ትናንት እራት ላይ፣ ነገ ከግቢ ይወጣል ሲሉ ሰማሁ። በር ላይ ተይዞ እንዳይጉላሉ ብዬ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ ሠራሁልዎት። ያቺን ቀጭኗን ብሩሽ ነው የተጠቀምኩት።»

ፊታቸው ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ይበልጥ አንጀቷን ያሳረራት ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጮሃ ይወጣላት ነበር። ጥርሷን ነክሳ የክብደቱን ነገር ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው፤ የተፈቀደውን፣ የነበረውን፣ አሁን የሆነውን።

«አራት ግራም?» አሉ። «አንዲት የደብዳቤ ወረቀት እኮ ናት። ያን ሁሉ እሳት ተፍቶ አንዲት ወረቀት መሸከም ካቃተው ሮኬቱ ባይነሣስ?»

«ሮኬቱ አያቅተውም። ደንቡ ነው የማይፈቅደው።»

ደንብ የሚለው ቃል ጆሯቸው ሲገባ ፊታቸው ላይ አየችው። ብሩሹን አስቀመጡ። «የት ላይ ይላል?»

«ገጽ አሥራ ሰባት።»

«ያሳዩኝ።»

በዚህ መሀል ጠመኔ ለማሸግ መጥታ ላቦራቶሪው ባዶ ሲሆንባት ደንቡን በአንድ እጇ፣ ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወረደች። ሳጥኑን አየችው። አልጮኸችም፤ ይህች ልጅ መጮህ አታውቅም። ቁጥሩን በጣቷ ሳትነካ በዓይኗ ተከትላ አነበበችና ስንት መጣ ብላ ብቻ ጠየቀች። መምህርቷ ነገረቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ደንቡን ገልጣ ገጽ አሥራ ሰባትን ለሰውዬው እየተረጎመች አነበበችላቸው። ክብደቱን አነበበች። ቀጥሎ ያለውንም፣ ውጪው ላይ ቀለም፣ ተለጣፊ ወረቀትም ሆነ መለያ እንዳይኖር፣ አየር በሌለበት ቦታ ጋዝ እያወጡ የሌሎችን ሙከራ ያበላሻሉና የሚለውን አነበበች።

ሰውዬው እጃቸውን አጣምረው ሰሙ። አንዴ አስቁመዋት፣ ተለጣፊም ይላል አሉ። ይላል አለቻቸው።

«ትክክል ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ገጽ በገጽ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት አክብሮት ይገባዋል።»

መምህርቷ እፎይ አለች። «በሉ እንግዲያው እንፋቀው።»

«መፋቅማ አይቻልም።»

ለምን እንደማይቻል ሲያስረዱ አሥር ደቂቃ ወሰደባቸው። አሉሚኒየሙ ከዚሁ ዕቃ ቤት የወጣ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። የትምህርት ቤቱ ንብረት ያለ መውጫ ወረቀት ከበር አይወጣም፤ መውጫ ወረቀት ያለ ቁጥር አይጻፍም። የተሰጠ ቁጥር ደግሞ የሚሰረዘው በንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት። አንዱ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይስማማሉ። ሁለተኛው ምክትል ርእሰ መምህሩ ናቸው፣ ታመው ቤት ከዋሉ ሳምንት ሆኗቸዋል። ሦስተኛው ርእሰ መምህሩ ናቸው፣ ከተማ ማዶ ስብሰባ ላይ ናቸው።

መምህርቷ ደወለች። ርእሰ መምህሩ ከስብሰባው መሀል አፋቸውን በእጃቸው ከልለው በሹክሹክታ አናገሯት። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ያሉት ይሁን አሉ። ደግሞም ሳጥኑ ከመላኩ በፊት ከእሱ ጋር ፎቶ መነሣት ስለሚፈልጉ እስከ ነገ ቢቆይ ምን ችግር አለው ብለው ጠየቁ። ዛሬ መጨረሻው ቀን ነው ስትላቸው፣ መጨረሻው ቀን ሁልጊዜ ይራዘማል አሉና ዘጉት። ሰዓቱን አየች። ሰባት ከሃያ።

እንግዲህ አስቡት። ቁጥሩ ካለበት ሳጥኑን ውድድሩ አይቀበለውም፤ ቁጥሩ ከሌለበት በሩ አያሳልፈውም። ዘበኛው ደግሞ የተማረው በአባቷ እጅ ነው። ባለፈው ዓመት መጥረጊያ ይዘው ሊወጡ የነበሩትን የጽዳት ሠራተኛ አስቁሞ፣ ቁጥሩ ከእጀታው ላይ ደብዝዟል ብሎ መልሷቸዋል።

መምህርቷ ከፍርግርጉ ጋር ተደግፋ ቆመች። ደክሟታል። ጩኸት ደረቷ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ድምፁ ትንሽ ነበር።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ስታገል ቆይቼ፣ መጨረሻው በር ላይ የቆሙት እርስዎ ሆኑ?»

አባቷ ብሩሹን አንስተው የተጠረገውን እንደገና መጥረግ ጀመሩ። ጆሯቸው ቀልቷል። መምህርቷ ያንን ምልክት ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ እናቷ ትክክል ስትሆን የሚቀላው እሱ ነው።

ጠመኔ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ ከፍርግርጉ በስተጀርባ፣ መደርደሪያዎቹ ላይ ሲዞር ቆይቷል።

«ጋሼ» አለች፣ «የሙከራ ቱቦዎቹ ቁጥራቸው የት ነው ያለው?»

«በማስቀመጫቸው ላይ ነዋ። መስተዋት ቀለም አይዝም።»

«ቴርሞሜትሮቹስ?»

«በማኅደራቸው ላይ።»

«ሌንሶቹስ?»

«ሌንስ ላይ ቀለም ይቀባል እንዴ? ቀለም የተቀባ ሌንስ ሌንስነቱ ቀረ። በቤቱ ላይ ነው የሚ—»

ሰውዬው አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። መምህርቷ ልትናገር አንድ እርምጃ ስትቀርብ ልጅቷ ክርኗን ያዝ አደረገቻት፤ ይተዉአቸው እንደማለት። መምህርቷ በሕይወቷ ዝም ማለት እንደዚያ ከብዷት አያውቅም።

አባቷ ወደ ወለሉ አዩ። ካርቶኑን አዩት። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩት።

«ያንን ካርቶን ያቀብሉኝ» አሉ። «ቀለም የማይቀባ ዕቃ በማኅደሩ ላይ ይቆጠራል። ይሄ ሳጥን ቀለም የማይቀባ ዕቃ ነው። እኔ ነኝ መደቡን የተሳሳትኩት። የመደብ ስህተት ደግሞ የመዝጋቢው ነው፤ ኮሚቴ አያስፈልገውም።»

መምህርቷ ይህን ከአንድ ሰዓት በፊት ማሰብ አይችሉም ነበር ወይ ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

ግን አላለቀም። ሰውዬው ትልቁን የንብረት መዝገብ ከመሳቢያ አወጡና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ገለጡት። በሩን ከፍተውላቸው ስለነበር መምህርቷ ከትከሻቸው በላይ ታያለች። አዲስ ገጽ ነው። አናቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሁለት መሥመር ተሰምሮበት፣ «የጠፈር ዕቃዎች» ይላል። ከሥሩ አንድ መሥመር ብቻ አለ። ተራ ቁጥር አንድ፤ የጠመኔ ብናኝ መመርመሪያ ሳጥን፤ ብዛት አንድ፤ ሁኔታው አዲስ። ማስታወሻ በሚለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ፣ ፊደሎቹን አሳንሰው፣ «ልጄና ተማሪዋ የሠሩት» ብለዋል።

በሠላሳ አንድ ዓመት መዝገባቸው ላይ አንድም ስርዝ የለም። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ይህን መዝገብ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ምሳሌ አድርገው ያሳዩታል። ሰውዬው እስክሪብቶውን አንስተው ከወረቀቱ በላይ ያዙት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ከአርባ አምስት ይላል።

«ማስመሪያዋን አቀብይኝ ልጄ» አሉ።

መምህርቷ አቀበለቻቸው። በሥራ ሰዓት ልጄ ማለታቸውን ራሳቸውም አላስተዋሉትም። ቁጥሩ ላይ አንድ ቀጭን መሥመር አሰመሩ፣ በጎኑ ፈረሙ፣ ከሥሩ «ቁጥሩ በማኅደሩ ላይ» ብለው ጻፉ። መዝገቡን ሲዘጉ እጃቸው ሽፋኑ ላይ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ጥድፊያ ሆነ። ጠመኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጋ ፈጥና ሄዳ ከመሳቢያዋ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዛ መጣች። ላቦራቶሪ ወጥተው ቀለሙን በጥጥ አስለቀቁት። የቆርቆሮዋን መለያ መምህርቷ በምላጭ ቀስ እያለች ከሥሯ ገፋቻት፤ መጨረሻ ላይ ጠብ ብላ ወደቀች። መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ወረቀቱ ተሸጎጠ፣ ማራገቢያው ጠፋ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

ሁለት መቶ ሃምሳ ነጥብ ሦስት።

መምህርቷ ሳቀች፤ ደስ ብሏት የሳቀችው ሳቅ ግን አልነበረም። መጋጠሚያው ውስጥ የገባው ማጣበቂያና ብሎኖቹ ራስ ላይ የተጋገረው ቀለም ነው የቀረው። ክዳኑ ተከፍቶ እንዳይጸዳ፣ አየሩ ርጥበት አለው፤ ብናኙ ከጠጣ አለቀለት። ጠመኔ ሰዓቱን አየች፤ ስምንት ከሩብ።

አባቷ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን በአንድ ዓይናቸው አዩት። «ይሄ ብሎን ምን ያደርጋል እንዲህ ረዝሞ? ግማሹ እኮ ሥራ ፈት ነው። ማነው የመረጠው?»

«እርስዎ ነዎት የሰጡን» አለች መምህርቷ። «አጭሩን ለምነንዎት ነበር።»

«አዎ» አሉ አስታውሰው። «ረጅሙ ቀድሞ የገባ ነው። ቀድሞ የገባው ሳያልቅ በኋላ የገባው አይወጣም።»

«አባባ።»

«አሁንማ አልቋል» አሉ በችኮላ። «የረጅሙ የመጨረሻዎቹ አራቱ እነዚሁ ናቸው። አጭሩ ተራው ደርሷል።»

ቢሆንም ያለ ቅጽ አልሰጡም። ዕቃ ቤት ወርደው የወጪ ቅጹን ዘረጉላት። ዘጠኝ ዓምድ አለው። የተፈለገበት ምክንያት በሚለው ላይ ለጠፈር ብላ ጻፈች። ሰውዬው አንብበው፣ ትንሽ ይብራራ አሏት። ለጠፈር ሳጥን ክዳን ማሰሪያ ብላ ጻፈች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። ፈረሙ፣ ፈረመች፣ ቅጂውን ቀደው ሰጧት። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ከመደርደሪያው የብሎን ብልቃጥ አውርደው አራት አጫጭር ብሎኖች ቆጥረው መዳፏ ላይ ያስቀመጡላት።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለወጧቸው። ጠመኔ ክዳኑን በሁለት ጣቷ ተጭና ያዘች፤ መምህርቷ አንዱን ረጅም ፈትታ፣ አጭሩን አስገብታ፣ አጥብቃ፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ሰውዬው ተከትለዋቸው ወጥተው፣ ሳይጠየቁ መስኮቶቹን ዘጉ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ወረቀቱን ሲሸጉጡ፣ ይሄ መያዣ መላላቱን ለምን አላመለከቱም መምህርት አሉ። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክታለች።

ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አምስት።

ጠመኔ ቁጥሩን አየችው። እንደገና አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም መዘነችው፤ ትናንትም ሦስት ጊዜ ነበርና። ከዚያ ዞር ብላ በጋዋኗ እጀታ ፊቷን ጠረገች፤ ፊቷ ላይ የነጭ ቀለም ጭረት ቀረ።

«ከትናንቱ በነጥብ አንድ ይቀላል» አለች ሰውዬውን እያየች።

«አየሽ» አሉ አባ ቁጥሩ፣ የዛሬው ሁሉ ከጠዋቱ ጀምሮ በእሳቸው ዕቅድ የተካሄደ ይመስል።

መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ደረሰ። ሳጥኑ በጥጥ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ገብቷል፤ ካርቶኑ ጎን ላይ «ጠ/1/1» የሚል ነጭ ቁጥር ገና ያብለጨልጫል። ሾፌሩ ሲያነሣው ቀለሙ መዳፉ ላይ ታተመ፤ በየትምህርት ቤቱ ስዞር እንዲህ ያለ አላየሁም እያለ ሱሪው ላይ ጠረገው። ዘበኛው መውጫ ወረቀቱን ከቁጥሩ ጋር አስተያየ። ቀስ ብሎ አስተያየ። በጣም ቀስ ብሎ አስተያየ። ከዚያ በሩን ከፈተው።

መኪናው መንገዱን ይዞ እስኪታጠፍ ሦስቱም ቆመው አዩት። ጠመኔ፣ አሁን የሒሳብ ክፍለ ጊዜው ግማሹ አልፎኛል አለችና ሄደች። ትንሽ ራመድ ብላ ግን መሮጥ ጀመረች፤ እስካሁን ሮጣ የማታውቅ ሰው አሯሯጥ ነበር።

መምህርቷና አባቷ ወደ ሕንጻው ተመለሱ። ሰውዬው ደረጃው ጋ ሲደርሱ፣ ያ ነገር ይመለሳል ወይ ብለው ጠየቁ። በፓራሹት ይወርዳል፣ ይሰበስቡትና ይልኩታል አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመላሽ ብዬ እጽፈዋለሁ አሉ። ምድር ቤቱ በር ላይ ደርሰው ቁልፋቸውን ሲያወጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህርት፣ አራት ረጃጅም ብሎኖች ይቀሩብዎታል።»

መምህርቷ አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ የጋዋኗን ኪስ ዳበሰች፤ ሦስት ነበሩ። ወደ ላይ ወጣች፣ አራተኛውን ከሚዛኑ እግር ሥር አገኘችው፣ ተመልሳ ወረደች። ሁለቱ ራሳቸው ላይ ቀለም ነበረባቸው። ይህ እንደማያልፍ ስለምታውቅ፣ ሳትጠየቅ የቀረውን ማስለቀቂያ ጥጥ ላይ አንጠብጥባ ክፍተታቸውን በመርፌ ጫፍ እየጠረገች አጸዳቻቸው። የመመለሻ ቅጹን ሞላች። ሁኔታ በሚለው ላይ ደህና ብላ ጻፈች።

ብሎኖቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ የረጃጅሞቹ ብልቃጥ ውስጥ ጣለች። ክዳኑን አጠበቀች፤ ቁጥሩ ወደ ፊት እንዲታይ አዙራም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።